ለማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ የሚሆኑ አበቦች

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

አማቴ ዛሬ አንዲት የኮክ እንቡጥ እስክትፈነዳ ረፋዱን ሙሉ ቁጭ ብለው ጠበቁ። እኔ ደግሞ እሳቸውን ጠበቅኩ።

ከድሮው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ፣ ጉብታው ላይ፣ ማንም የኔ ናቸው የማይላቸው የኮክ ዛፎች አሉ። ቅጠል ከማውጣታቸው በፊት ነው የሚያብቡት። ግንዱ እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ቅርንጫፉ ራቁቱን ነው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ግን ሮዝ ብቻ ነው የሚታየው። ስንት ዓመት በዚያ መንገድ ወደ ሥራ ሳልፍ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

እማማ ነው የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ባለቤቴ ድልድይ ከሚሠራበት ከተማ በቅርቡ ካሜራ ላከላቸው። «እኔና ይሄን ምን አገናኘን» ብለው ከነሣጥኑ አልጋ ሥር ከተቱት። በኋላ ድሮ ያሠለጠኗት ልጅ፣ ዛሬ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ የሆነችው፣ «ክፍላችን ቀለም ሊቀባ ነው፤ ግድግዳው ላይ የምንሰቅለው የአበባ ፎቶ ብናገኝ» ስትላቸው ሣጥኑ ከአልጋ ሥር ወጣ። ጸደዩ ሳያልፍ እጨርሳለሁ ብለው ተነሥተዋል። «ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ያላንቺ የትም አልደርስም» ስላሉኝ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና የምነዳውም ዕቃ የምሸከመውም እኔ ነኝ።

እንቡጧን በጣቴ ነካ ላደርጋት ስል እጄን ቸብ አደረጉኝ።

«ተያት። ስትደርስ ራሷ ትመጣለች።»

«ብርዱ ገደለን እኮ፣ እማማ።»

«የበረደው ሰው ተነሥቶ ይዝለል።»

ተነሥቼ ዘለልኩ። ስመለስ ተከፍታለች። የአበባዋ ቅጠሎች እንደ ሕፃን ጥፍር የሳሱ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፤ መሀሏ ላይ ያሉት ክሮች ጫፋቸው ቢጫ ዱቄት የነኩ ይመስላሉ። እማማ ካሜራውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑና «በቃ» አሉ። እጃቸው ንቅንቅ አላለም። እኔ በጥርስ ላቦራቶሪ ቁጭ ብዬ ሰም ስቀርጽ የምውል ሰው ነኝ፤ የረጋ እጅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንደሳቸው ያለ ግን አላየሁም።

ባለቤቴ ለዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ነበር። ኮንክሪት ሊሞሉ ነው አሉ። ይሁን።


መጋቢት 10

ቸኩያለሁ። የባለቤቴ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። እዚያ ኔትወርክ የለም ብሎኛል፣ እውነቱን ነው፣ ድልድዩ ያለበት ገደል ነው። ዳቦ መግዛት ረሳሁ። ደግሞም አልራበኝም።


መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት አባራ። «ፍጠኚ፣ ጠብታው ሳይደርቅ» ብለው ገና ሳይነጋ ደወሉ። ከአልጋ የመነሣት ሐሳብ አልነበረኝም፣ ግን እሳቸውን ማን እምቢ ይላል።

የከተማው መናፈሻ ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ቁመታቸው ከጣት የማይበልጥ ሐምራዊ አበቦች ወጥተዋል። እማማ ፕላስቲክ አነጠፉና በሆዳቸው ተኙ። ሰባውን ያለፉ ሴትዮ፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ በሆዳቸው። እኔ ከነፋስ ልጋርድላቸው ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ። ዘበኛው እየሮጠ መጣ።

«እናትየዋ ወድቀው ነው?»

«አልወደቁም፤ ፎቶ እያነሱ ነው።»

«ተኝተው?»

«አበባዋ አጭር ስለሆነች።»

ትንሽ አሰበበት። «ሣር ላይ መተኛት ክልክል ነው» አለ።

እማማ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ «ልጄ፣ አንተ የት ተወለድክ?» አሉት።

«እኔ? እዚሁ፣ ትልቁ ሆስፒታል።»

«እንግዲያው ተቀብዬህ ይሆናል። ና፣ ጃንጥላውን አንተ ያዝልኝ፤ እሷ እጇ ይንቀጠቀጣል።»

ያዘ። ጨርሰው እስኪነሡም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ላነሣቸው እጄን ስዘረጋ ግን ምንም ሳይዙ ብድግ ብለው ጉልበታቸውን አራገፉ። እርጥብ መሬት ለጉልበት ሳይስማማ አይቀርም።

ፎቶው ላይ አንዷ ጠብታ ውስጥ መናፈሻው በሙሉ ተገልብጦ ይታያል። ዛፉ፣ አጥሩ፣ የዘበኛው ቢጫ ቆብ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እጅሽ ይንቀጠቀጣል ያሉት ግን ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በርዶኝ ነው።


መጋቢት 17

ደወለ። ደኅና ነው። ድምፁ ደክሟል።

«እማዬ ካሜራውን ወደደችው?»

«አብደውልሃል።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አብረሽ ትወጫለሽ አሉ።»

«አዎ።»

«ጥሩ ነው። ቀጥሉበት። አትለያዩ።»

ስንቷ እናት ናት እንዲህ የሚያስብላት ልጅ ያላት። በዚያ ሁሉ ሥራ መሀል የእናቱን ብቸኝነት ማሰቡ። ስለኔ ብዙ አልጠየቀም፤ ግን የመኪናውን ዘይት አስቀይሪ ብሎኛል፣ እሱም መጠየቅ ነው። እኔ ነኝ እንዴት ዋልክ ሳልለው በጋዙ ሂሳብ የጀመርኩት። ሰው ከሩቅ ሲደውል መጀመሪያ እንዴት ዋልክ ይባላል።


መጋቢት 21፣ እሑድ

እማማ ቤት ዋልኩ። ያነሡትን ሁሉ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መረጥን። ባላውቃቸው ኖሮ ዕድሜ ልካቸውን ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል እላለሁ። የካሜራውን መመሪያ በመነጽርም በማጉያም አንብበውታል፤ ያልገባቸውን ገጽ አጥፈው ፎቶ ቤት ይወስዱና «ይሄን አስረዳኝ» ይሉታል። ፎቶ ቤቱ ሰውዬ ሲመጡ ሲያይ ወንበር ያወጣል።

አዲስ ጨዋታ ፈጥረናል። ነጭ አበባ ሲያነሡ «ይሄ የማን ጥርስ ነው?» ይሉኛል። በሥራዬ ነጭ የሚባል አንድ ቀለም እንደሌለ ነግሬያቸው ነው። የፖም አበባውን አየሁና «ሻይ የሚያበዛ ሰው» አልኩ። በአጥር ላይ የምትሳበዋን «ወተት ጥርስ፣ ገና ያልተነቃነቀ»። አንዷን ደግሞ «ይቺ የውሸት ናት፤ እንዲህ የነጣ ጥርስ ሰው አፍ ውስጥ አይበቅልም» ስላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፎቶዋ ላይ ያለችው የመቃብር ቦታ የፕላስቲክ አበባ ነበረች። ሊፈትኑኝ ቀላቅለው ያመጧት ኖሯል።

ከዚያ ሾርባ አቀረቡ። «ተርፎኝ ነው፣ ብቻዬን አልጨርሰው» አሉ። ድስቱ እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ ማንም የቀዳለት አይመስልም። ሁለት ሳህን በላሁ። ልወጣ ስል የቀሚሴን ወገብ ይዘው «ይሄ ነገር መርፌ ቁልፍ ይፈልጋል» አሉና ከራሳቸው ደረት ላይ ነቅለው አደረጉልኝ። ቀሚሱ ሲታጠብ ሰፍቶ ነው።


መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

መጻፍ የማልፈልገው ነገር። ጆሮዬ ነው ጥፋተኛው።

ልወስዳቸው ስደርስ በራቸው ገርበብ ብሏል። ስልክ ላይ ነበሩ። ያ ሁልጊዜ ዝግ ያለው ድምፃቸው ከፍ ብሏል።

«አልነግራትም አልኩ፣ አልነግራትም። የራስህን ራስህ ተናገር። ... አይ፣ በስልክ አይደለም። መጥተህ፣ ፊቷን እያየህ።»

ደረጃው ላይ ወደ ኋላ ተመልሼ ወረድኩና ጫማዬን እያንኳኳሁ እንደገና ወጣሁ።

ታናሽ ወንድማቸው ነው የሚሆነው። በቤት ጉዳይ ከእህታቸው ጋር ተኮራርፏል ብለውኝ ነበር። እማማን መሀል ያስገባቸዋል፣ ሸክሙን እሳቸው ላይ ይጥላል። ሽማግሌ ሰውዬ የራሱን ለመናገር እንዲህ ያፍራል?

መኪና ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትራፊክ መብራቱ ጋ ስንቆም ብቻ እጄን ያዝ አደረጉና ለቀቁት። ወንዝ ዳር ወርደን ያነሣነው ነገር ሁሉ አላማራቸውም። «ዛሬ ዓይኔ ቆሽሿል» አሉ።


ሚያዝያ 2

ሥራ ላይ ጥፋት። የአንዲት መምህርት የፊት ጥርስ፣ ቀለሙን አጠቆርኩት፤ የሞተ ጥርስ መሰለ። ጥርሱ የሚጋገርበትን ምድጃ የሚይዘው የሥራ ባልደረባዬ (ባለምድጃው ነው የምንለው) አለቃ ሳያይ ሰብሮ ከጀሶው ፍርስራሽ ጋር ጣለልኝ። «ሰሞኑን የት ነሽ አንቺ?» አለኝ። እዚህ ነኝ አልኩት። እንዲህ ያለ ስሕተት ተማሪ ሆኜ እንኳ ሠርቼ አላውቅም።


ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

የዛሬውን ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ እንዳይጠፋብኝ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባቡር የማያልፍበት አሮጌ ሐዲድ አለ። በድንጋዩ መሀል እስከ ዓይን መድረሻ ድረስ ቀይ አበባ ወጥቶበታል። የአበባዋ ቅጠል አራት ብቻ ነው፣ ተጨማዶ የነበረ ሐር የመሰለ፣ መሀሏ ጥቁር። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይጎነበሳሉ፣ ሲያልፍ አንድ ላይ ቀና ይላሉ። እማማ ሐዲዱ ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ ካሜራውን ሳያነሡ አዩ።

«ስንቱን ዓመት የት ነበርኩ?» አሉ።

«ሲያዋልዱ ነበሩ።»

«አዎ። መስኮት በሌለው ክፍል።»

ከዚያ ነገሩኝ። የማዋለጃው ኮሪደር ላይ፣ ሴቶቹ ምጡ እስኪፋፋም እየተደገፉ በሚሄዱበት ግድግዳ፣ ለዓመታት የተለጠፈው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ የሚያሳይ። ሴት ልጅ በሕይወቷ ከባዱን ቀን ስታሳልፍ ዓይኗን የምትጥልበት ያ ነው። አንዷ ከወለደች በኋላ «እኔ ከምጡ ይልቅ ያ ሳሙና ነው በሕልሜ የሚመጣው» አለቻቸው። እማማ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ፣ ግን ካሜራውን በሁለት እጃቸው ጨብጠውት ነበር።

«ሰው ሲያመው የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል» አሉኝ። «ሕመሙን አይወስድለትም። ግን ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል።»

ከዚያ ከአንዱ የድንጋይ ክምር ወደ ሌላው እየተሻገሩ ማንሣት ጀመሩ። ነፋሱ አስቸግሮ ካፖርቴን አውልቄ ዘረጋሁላቸው፤ ክንዴ እስኪዝል። የመጨረሻውን ለማንሣት አቀበቱን እስከ ድልድዩ አናት ወጡ። እኔ ዕቃውን ይዤ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር፣ እሳቸው ተቀምጠው ብርቱካን እየላጡ ጠበቁኝ። ግማሹን ሰጡኝ፤ ቀጥሎም የራሳቸውን ግማሽ።

አንዳንድ ሰው ላይ ዕድሜ ሲጨመር ሰውየው ይቀንሳል። እሳቸው ላይ ግን ሲጨመር አየሁ። አማት ከሰማይ አይወርድም፤ የኔ ግን የወረዱ ይመስለኛል። ባለቤቴን አገባሁ ስል ለካ እሳቸውንም ነው ያገባሁት።


ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ትናንት አንድ ነገር አደረግኩ። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቦይ ውስጥ፣ ያረጀ ጎማ ሥር፣ ረጅም ግንድ ያላት ሰማያዊ አበባ ወጥታለች። ገና አልተከፈተችም፤ እንደ ተጠቀለለ ጃንጥላ ናት፣ ጫፏ ላይ ብቻ ትንሽ ፈታ ብላለች። እማማ ውሃ ሊጠጡ መኪናው ጋ ሄደው ነበር። ካሜራው በእጄ ነበር። ዝም ብዬ ተጫንኩት።

ግማሿ ደብዝዛለች፤ እጄ ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። ልሰርዛት ስል መጡና ቀሙኝ። ረጅም ጊዜ አዩ። ጥሩ ናትም መጥፎ ናትም አላሉም።

«ባትሪው አልቋል፣ እንሂድ» አሉ።

ባትሪው ግን ግማሽ ነበር።


ሚያዝያ 16

ይመጣል! ቅዳሜ ሳምንት። ራሱ ነው የደወለው፣ ራሱ ነው የተናገረው፤ «ቤት ትኖሪያለሽ አይደል?» አለኝ። የት ልሄድ? መጋረጃውን አወረድኩ፣ አጠብኩ። ለእማማ ስነግራቸው «ይምጣ» ብቻ አሉ። ደስታቸውን የማያሳዩ ሰው ናቸው።

ቀሚሱን ወደ ልብስ ሰፊ ልውሰደው።


ሚያዝያ 26፣ እሑድ

መጣ። ነገረኝ። ሄደ።

ማታ። ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ ያልሆነ ይመስለኛል።

ትናንት ሲመጣ ኮቱን አላወለቀም። ጫማ የምናስርበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ ሳሎን እንኳ አልገባም። ሌላ ሰው አለች። ከእርሷ ጋር መኖር ከጀመረ ቆይቷል። በመስከረም ልጅ ይወለዳል። ቤቱ ላንቺ ይሁን አለ። ይቅርታም አለ፤ አዎ፣ ብሏል፣ ሁለቴ። እኔ ምን አልኩ? «ሻይ ላፍላልህ?» አልኩት። ለዚህ ራሴን እስክሞት አልምረውም። ሻይ።

በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ ታውቃለች» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካሜራውን ከላክሁላት ጀምሮ።»

መጋረጃው ታጥቦ ተሰቅሏል። ያምራል።


ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም። ደወሉ፣ አላነሣሁም። እንደገና ደወሉ።

ያን ሁሉ ቅዳሜ ያውቁ ነበር። ኮኩ ጋ ያውቁ ነበር። ሐዲዱ ላይ፣ ብርቱካን ሲልጡልኝ፣ ያውቁ ነበር። ለሕፃን መርፌ ሲወጋ አሻንጉሊት እንደሚያሳዩት አበባ ሲያሳዩኝ ከረሙ። ለነገሩ እኔስ ምናቸው ነኝ? የልጅ ሚስት ነበርኩ። አሁን እሱም የለም። የልጅ ልጃቸው ከሌላ ይመጣላቸዋል።

ውጭ ፀሐይ ነው። መጋረጃውን ዘጋሁት።


ግንቦት 6፣ ረቡዕ

እማማ ላቦራቶሪው መጡ። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ካሜራቸውን በደረታቸው አንግተው። ጥርስ የሚረከቡ ሰዎች የሚጠብቁበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሥራ እስክጨርስ ጠበቁ። ባለምድጃው ሦስቴ ብቅ ብሎ «ሴትዮዋ አሁንም አሉ» አለኝ። መጠበቅ እንደሚችሉ ከኔ በላይ ማን ያውቃል።

ወጣሁ። ጎናቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

«ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ መሰለሽ። ንገሪልኝ ብሎ ለምኖኛል። አልቅሶ ለምኖኛል። እኔ ብነግርሽ እሱ ይገላገል ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «በሕይወቴ ስንቱን ሴት ገላግያለሁ። እሱን ግን አልገላግለውም አልኩ። ራሱ ያምጠው።»

«እኔስ?»

«አንቺን በደልኩሽ። አውቄዋለሁ። ቶሎ ይመጣል ብዬ ነው፤ ፈሪ መሆኑን እረሳዋለሁ፣ ልጄ ስለሆነ።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አላሉም። ሰበብም አልደረደሩም። በእጃቸው የካሜራውን ማንገቻ እያጠፉ እየዘረጉ ቁጭ አሉ። ያን የረጋ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈትቶ አየሁት።

«ልጅ ሊወለድልዎ ነው» አልኩ። ክፋት ነበር፤ አውቄ ነው ያልኩት።

«አዎ» አሉ። «ሕፃኑ ምን አጠፋ። ሲመጣ እወደዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ያ ሌላ ነው፣ አንቺ ሌላ ነሽ። አንዳችሁን አውጥቼ አንዳችሁን አላስገባም፤ ቤቴ ሰፊ ነው።»

ተነሡ። «ቅዳሜ አንድ ቦታ አይቻለሁ። ከመጣሽ አብረን፣ ካልመጣሽ በአውቶቡስ።»

እስከ ፌርማታው ሸኘኋቸው።


ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ተቆጥቼ ነው የሄድኩት፤ ይመዝገብልኝ።

መኪና ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አላስከፈቱም። ቦታው የውሃ ማጠራቀሚያው ዳር ነው፤ ውሃው ላይ ክብ ክብ ቅጠል ተነጥፎ፣ በመሀሉ ነጫጭ አበባ ተቀምጧል። እንዴት እንዲህ ይጸዳል፣ ሥሩ ጭቃ ነው እኮ። የአበባው ቅጠል ድርብርብ፣ ጫፉ የሾለ፣ እያንዳንዱ በሌላው ጥላ ውስጥ። ብርሃኑ ከላይ ሳይሆን ከውስጡ የሚወጣ ይመስላል። ቁጣዬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ የት እንደጣልኩት አላውቅም።

«የማን ጥርስ ነው?» አሉኝ በቀስታ።

ልመልስ አልፈለግኩም። ግን አየሁት፣ ሥራዬ ነውና።

«የማንም አይደለም» አልኩ። «ይሄን መሥራት አንችልም።»

እማማ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ተንሸራታች ድንጋይ ነው። እንደ ወጣት ነው የቆሙት። ስለ ጉልበታቸው አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አለቀስኩ። ዳር ይዤ አቆምኩ። «አይዞሽ» እንኳ አላሉኝም። ጀርባዬ ላይ፣ ወገቤ አካባቢ፣ መዳፋቸውን አድርገው ክብ ክብ እያሉ አሹኝ፤ የምታምጥ ሴት እንደሚያሹት መሰለኝ። እስክጨርስ። ከዚያ «አሁን ንጂ» አሉ።


ግንቦት 19

የፎቶዎቹን ክፈፍ የሚሠራልን አናጢ ጋ። ክፈፎቹ ደርሰዋል። ኮኩ፣ ጠብታዋ፣ ቀዮቹ፣ የውሃ ላይዋ፣ ሁሉም ሲተልቁ ሌላ ሆነዋል። ከመሀላቸው ያቺ የጋራዡ እንቡጥ። ግማሿ ደብዝዛ።

«ይቺማ ጥፋት ናት» አልኩ።

«ከፈልኩባት» አሉ እማማ።

አናጢው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ «እኔ ብጠየቅ ከሁሉ እሷን ነው የምወስደው» አለ። «ሌሎቹ አልቀዋል። ይቺ ገና ሥራ ላይ ናት።»

ማንም አልጠየቀህም ልለው ነበር። ቤቴ ገብቼ የተረፈኝን ሾርባ አሞቅኩ፤ ከሰሞኑ ድስታቸው እኔ ቤት ነው ያለው።


ግንቦት 24፣ እሑድ

ሰቀልን። ኮሪደሩ ፈዛዛ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። የክፍሉ ኃላፊ እማማን ስታይ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች። አናጢው መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ድምፅ ሳያሰማ መታ። እማማ ወደ ኋላ ሄድ ብለው «ትንሽ ዝቅ፤ ጎንበስ ያለ ሰው ነው የሚያያት» እያሉ አንድ በአንድ አስተካከሉ። ማንም ያላሰበውን እሳቸው አስበውታል፤ ምጥ ላይ ያለ ሰው ቀና አይልም።

እንቡጧን መታጠፊያው ላይ፣ ብቻዋን ሰቀሏት።

ይህን ስንጨርስ አንዲት ልጅ እግር ሴት ግድግዳውን እየዳበሰች ከወዲያ መጣች። እናቷ ዕቃ ልታመጣ ወጥታ ብቻዋን ነበረች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ምጡ ያዛት። ግንባሯን ግድግዳው ላይ ደገፈች፣ ጉልበቷ ታጠፈ።

እማማ ቦርሳቸውን መሬት ላይ ጥለው በአንድ ጎኗ ገቡ።

«ያንን ጎን ያዢ» አሉኝ።

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ያዣት።»

ያዝኳት። እጄን ጨበጠች። እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ አጥንቴ ሲንቋቋ ሰማሁት። ሲያልፍላት ዓይኗን ገለጠች፤ ፊት ለፊቷ ፎቶዋ ናት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እያለከለከች።

«አበባ ናት። ገና አልተከፈተችም።»

«መቼ ነው የምትከፈተው?»

እማማን አየኋቸው። እሳቸው እኔን አዩ፤ መልሱ ያንቺ ነው ዓይነት። ለታመመ ሰው ምን ይባላል? አሁን፣ ቅርብ ነው፣ ይባላል መሰለኝ። መዋሸት ግን አልቻልኩም።

«አላውቅም» አልኳት። «እኔ ስሄድ ገና ነበረች።»

ልጅቱ ሳቀች። በዚያ ሕመም ውስጥ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሳቀች። «እንደኔ» አለች። ከዚያ መጣባትና እንደገና ጨበጠችኝ። ዓይኗን ከእንቡጧ ላይ አልነቀለችም። እማማ ወገቧን እያሹ «እንደሱ፣ የኔ ልጅ፣ እንደሱ» ይሏታል፤ እኔ እጄን ብቻ ተውኩላት።

እናቷ መጥታም አለቀቀችኝም። እስከ ክፍሉ በር ድረስ ይዛኝ ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን፤ እማማና እኔ፣ ማንም ጠብቁ ሳይለን። ከቀትር በኋላ ጩኸቱ ተሰማ። ቀጭን፣ የተቆጣ። ሴት ልጅ ናት አሉን። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አስደገፉ። በዚህች ዓለም እንደዚህ ያለ ፊት አይቻለሁ ብዬ ልጻፍና ልተኛ።


ግንቦት 25፣ ሰኞ

የቀኝ እጄ ጣቶች አብጠዋል። የሰም ቢላዋው አልያዝ ብሎኝ አንድም ጥርስ ሳልሠራ ዋልኩ። ባለምድጃው አየና «በር ተዘግቶብሽ ነው?» አለኝ።

«አይ» አልኩት። «ሰው ይዞኝ ነው።»